የገና ታሪክ ከድሮ ጋዜጣና ካርድ፦ የቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስቦች ሲፈተሹ

ዲሴምበር በገባ ቁጥር ስለ ፈረንጅ ገና አመጣጥ የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛው አንዱ ከሌላው የገለበጠው ነው። “ቀይ ልብስ የለበሰውን ሳንታ ክላውስ በ1931 የፈጠረው ኮካ ኮላ ነው” የሚለው ወሬ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስካን አድርጎ ያስቀመጣቸውን የ“ፐክ” መጽሔት የገና ሽፋኖች የሚያገላብጥ ሰው ወሬው ውሸት መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀይ ካባ የደረበው ነጭ ጢማም ሽማግሌ እዚያ አለ፤ መጽሔቱ ደግሞ የተዘጋው በ1918 ነው።

የእነዚህ ስብስቦች ጥቅም ይኸው ነው፦ የተባለውን ትቶ የታተመውን ማየት። አብዛኞቹ ነጻ ናቸው፣ ምዝገባ እንኳ አይጠይቁም፣ የሥዕሎቹም ጥራት አፍ ያስከፍታል። ደካማ ጎናቸው የፍለጋ ሳጥኑ ነው። አንድ ቃል ጽፎ “ምንም አልተገኘም” የሚል መልስ ያገኘ ሰው ነገሩ የለም ብሎ ከሄደ ተታሏል። ቤተ መጻሕፍቱ በበዓል ሰሞን ለጎብኚ የሚያዘጋጇቸው “የገና ምርጦች” ገጾችም ቢሆኑ ለዐይን ቆንጆ፣ ለጥናት ግን ቀጫጭን ናቸው፤ አምስት ካርድና አንድ አንቀጽ ይዘው ያልቃሉ። ዋናው ሀብት ያለው ከእነሱ ጀርባ፣ ማንም መርጦ ባላስተካከለው ክምችት ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለጽሑፍ ፍለጋ አንደኛው “ክሮኒክሊንግ አሜሪካ” ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከአገሪቱ የሰብአዊ ጥናቶች ብሔራዊ ድጋፍ ሰጪ ተቋም ጋር በ2007 ለሕዝብ የከፈተው የድሮ ጋዜጦች ስብስብ ሲሆን ዛሬ ከ20 ሚሊዮን ገጽ በላይ ይዟል። ለእያንዳንዱ ገጽ ሥዕሉ፣ ፒዲኤፉና ኮምፒውተር ያነበበው ጽሑፍ ተያይዘው ይገኛሉ። ፍለጋው የሚካሄደው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ከሥዕል ላይ ሲያነብ በሦስት ቦታ ይሰናከላል። የጋዜጣ ዐምድ ጠባብ ስለሆነ “ክሪስማስ” የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ መስመር ጫፍ ላይ ለሁለት ይሰበራል፤ ማሽኑም እንደ ሁለት ቃል ይይዘዋል። የሱቅ ማስታወቂያዎች ደግሞ አበባና በረዶ በተንጠለጠለባቸው ያሸበረቁ ፊደላት ስለሚጻፉ ማሽኑ ፊደል መሆናቸውን እንኳ አይለይም። የሚገርመው፣ በገጹ ላይ ትልቁ “ክሪስማስ” በፍለጋ የማይገኘው እሱ ነው! ሦስተኛው ችግር የሚመጣው ገጹ ተጣሞ ስካን ሲደረግ ነው፤ ማሽኑ ከአንዱ ዐምድ ወደ ጎን ዘሎ የሁለት ዜናዎችን መስመር ያደባልቃል።

መፍትሔው የበዓሉን ስም መተውና በበዓሉ ዙሪያ ያለውን ነገር መፈለግ ነው። በዛፍ ላይ ሻማ የማብራት ልማድ እንዴት እንደተስፋፋ ለማወቅ “ዛፍ”፣ “ሻማ” እና “እሳት” የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ተቀራርበው እንዲገኙ አድርጎ መፈለግ ከስብከትና ከግጥም ይልቅ የአደጋ ዜና ያመጣል። የአደጋ ዜና ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ምንጭ ነው፦ ዛፉ የት ቆሞ እንደነበር፣ ማን እንዳበራው፣ ጥጥና ወረቀት ተሰቅሎበት እንደነበር በዝርዝር ይናገራል። ለገበያው ታሪክ “የበዓል ዕቃዎች” የሚለው የእንግሊዝኛ አባባልና በኤክስ የሚጀምረው አጭሩ “ኤክስማስ” ከሙሉው ስም ይሻላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ሳንታ ክላውስ “ክሪስ ክሪንግል” በሚል ስምም ይጠራ ስለነበር ያንን መርሳት ግማሹን ማጣት ነው።

ቀኑን ማጥበብም እንደዚሁ ወጥመድ አለው። አብዛኛው ሰው ከዲሴምበር 20 እስከ 26 ብሎ ይገድባል። የገጠር ጋዜጦች በሳምንት አንዴ ነበር የሚወጡት፤ በዓሉ እንዴት እንደዋለ የሚተርኩት ካለፈ በኋላ ነው፣ የሌላ ከተማ ዜና ቆርጠው ሲያትሙ ደግሞ ተጨማሪ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ መዘርጋት ግድ ነው። ማስታወቂያ ለሚፈልግ ከኖቬምበር መጨረሻ መጀመር። ከዚህም የሚያልፍ አለ፦ “ሳንታ ክላውስ በእርግጥ አለ ወይ?” ብላ ለጠየቀች ሕፃን “ዘ ሰን” የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሰጠው ርዕሰ አንቀጽ በአሜሪካ የገና ጽሑፎች ውስጥ ዝነኛው ነው፤ የወጣው ግን ሴፕቴምበር 21 ቀን 1897 ነው። ዲሴምበርን ብቻ የፈለገ ሰው አያገኘውም። በሌሊት ስለሚመጣው ቅዱስ ኒኮላስ የተጻፈውን እውቅ ግጥም በደራሲው ስም የሚፈልግም ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መጀመሪያ ትሮይ በተባለችው ከተማ ጋዜጣ ላይ ዲሴምበር 23 ቀን 1823 ሲወጣ ስም አልነበረበትም።

ቦታን መገደብም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በኤዲሰን ኩባንያ ሹም በነበረው በኤድዋርድ ጆንሰን ቤት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በዲሴምበር 1882 ባለ 80 አምፖል የኤሌክትሪክ የገና ዛፍ በርቷል። ነገሩን የዘገበው ግን የዲትሮይት ጋዜጠኛ ነበር። “ኒው ዮርክ” ብሎ ማጣሪያ ያስገባ ሰው ዋናውን ዜና ራሱ ቆርጦ ጣለ ማለት ነው።

ከ1800 ገደማ በፊት ወደታተመው እንግሊዝኛ ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል። በቃል መሐል የምትገባው “ኤስ” ያኔ ረዘም ብላ “ኤፍ”ን ትመስል ነበር፣ ማሽኑም ኤፍ ብሎ ያነባታል። ስለዚህ “ክሪስማስ”ን በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ጊዜ መፈለግ ነው፦ አንዴ በትክክለኛ አጻጻፉ፣ አንዴ የመጀመሪያዋን ኤስ በኤፍ ተክቶ። የመጨረሻዋ ኤስ አትነካም፤ በቃል ጫፍ ላይ የምትጻፈው አጭሯ ናትና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስብስብ ላይ ይህ ብቻውን ውጤቱን በእጅጉ ይለውጣል።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ሰፋ ተደርጎ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ስህተቱ በካታሎጉ ውስጥም ይገኛል። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጃንዋሪ 1684 የምንለውን ወር በዘመኑ ብዙዎች 1683 ብለው ይጽፉት ነበር። ይህ ወር ደግሞ ለብርድ ወራት ታሪክ ትልቅ ወር ነው፦ የቴምዝ ወንዝ ግግር በረዶ ሆኖ ነጋዴው ድንኳኑን በላዩ ተክሏል፣ አታሚዎችም ማተሚያ ማሽናቸውን ይዘው ወጥተው የመጣውን ሰው ስም በካርድ ላይ ያትሙ ነበር። ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊና ለቤተሰቡ የታተመው ካርድ “በቴምዝ ወንዝ በረዶ ላይ” ከሚለው ጋር ጃንዋሪ 31 ቀን 1684 የሚል አለበት። የዘመኑ የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ጆን ኤቭሊን አታሚው በአንድ ስም ስድስት ፔኒ እያስከፈለ በቀን አምስት ፓውንድ ያገኝ እንደነበር ይገመታል ብሏል። ሲሰላ በቀን 200 ስም ነው። እንዲህ ያለውን ቁራጭ ወረቀት የሚፈልግ ሰው 1683ን፣ 1684ን እና ሁለቱ በሰያፍ መስመር (1683/4) ተጣምረው የተጻፉበትን አጻጻፍ ሦስቱንም መሞከር አለበት።

እንግሊዝ በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር ከሴፕቴምበር 2 ማግሥት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። አሮጌውን ገና ያልተዉት ሰዎች በዓላቸው ያኔ በአዲሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ላይ ዋለ፤ ከ1800 በኋላ ወደ 6፣ ከ1900 በኋላ ወደ 7 ገፋ። ምክንያቱ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በየመቶ ዓመቱ መዞሪያ (ለ400 ከሚካፈሉት በቀር) አንድ ቀን ስለሚጨምር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምንጭ ላይ የሩሲያ ገና “ጃንዋሪ 6” ተብሎ ቢገኝ ስህተት አይደለም፤ ዛሬ በለመድነው 7 እናርመው የሚል ሰው ነው የሚሳሳተው።

ወደ ሥዕል ስንመጣ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብን የሚያህል ጥቂት ነው። በጃንዋሪ 2016 የቅጂ መብታቸው ያለፈ ከ180,000 በላይ ሥራዎችን ያለ ፈቃድ፣ ያለ ክፍያ፣ በትልቅ መጠን እንዲወርዱ ለቅቋል። ፍለጋው ላይ “የሕዝብ ንብረት ብቻ” የሚለውን ማጣሪያ ከመጀመሪያው ማብራት ነው፤ አለበለዚያ የማይወርድ ሥዕል ላይ ጊዜ ይባክናል። ለማተም ሲፈለግ በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ሥዕል በቀጥታ ማስቀመጥ አይገባም፤ እሱ ትንሹ ቅጂ ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ) ለሙሉ ኤ4 ገጽ 2,480 በ3,508 ፒክስል፣ ለ9 በ14 ሴንቲሜትር ፖስትካርድ 1,063 በ1,654 ፒክስል ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ፊደሉ ጠርዙ ይደበዝዛል።

በዚሁ ቤት ያለው የምግብ ዝርዝር ስብስብ ከካርዶቹ በላይ ዋጋ አለው። ሚስ ፍራንክ ቡቶልፍ የተባሉ ሴት በ1900 ጀምረው እስከ 1924 ድረስ ከ25,000 በላይ የሆቴልና የመርከብ ምግብ ዝርዝር አሰባስበዋል፤ ከእነዚህ መካከል ለገና ራት የታተሙ አሉበት። የምግቡ ቅደም ተከተል፣ አልፎ አልፎ ዋጋው፣ የወይን ጠጁ ዓይነት፣ የሽፋኑ ጌጥ ሳይቀር ይታያል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ይህ የሆቴልና የመርከብ ማዕድ ነው። “ያኔ ሰው በገና ይህን ይበላ ነበር” ለማለት አያበቃም፤ ሆቴል የሚገባ ሰው ይህን ይቀርብለት ነበር ለማለት ብቻ ነው። የቤት ማዕድ ለሚፈልግ የወጥ ቤት መጻሕፍትን ማየት ይሻላል። በካታሎግ ሲፈለግም የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 የምግብ ዝግጅት ርዕሶቹን ከ“ኩከሪ” ወደ “ኩኪንግ” እንደለወጠ ማወቅ ይጠቅማል፤ ካታሎጋቸውን ያላደሱ ቤቶች አሁንም በአሮጌው ቃል ነው የሚመልሱት።

ፖስትካርድ ላይ የሚሠራው ስህተት ጀርባውን አለማየት ነው። ስካን ያደረገው ቤት ጀርባውን ካስገባ ሁለተኛው ሥዕል ሆኖ ይቀመጣል፣ ብዙ ሰው ግን አይከፍተውም። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት፣ ግማሹ ለአድራሻ ከሆነ ካርዱ በብሪታንያ ከ1902፣ በአሜሪካ ከማርች 1907 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በጀርባው አድራሻ ብቻ ስለሚፈቀድ ሰላምታው በፊት ለፊቱ ሥዕል ዳር ተጣቦ ይጻፋል። ካታሎጉ “1910 ገደማ” ካለ ግምት ነው፤ የፖስታ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ሁልጊዜ ይበልጣል። ሥዕሉን አጉልቶ ማየትም ይናገራል፦ በእኩል ርቀት የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ካሉ ከፎቶግራፍ የተሠራ የሃፍቶን ኅትመት ነው፣ ነጥቦቹ ያልተስተካከሉና ቀለሙ በቀለም ላይ የተደረበ ከሆነ ደግሞ የድንጋይ ኅትመት ነው። በቦስተን ሉዊስ ፕራንግ ከ1875 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ ያቀረባቸው የገና ካርዶች በዚህ በሁለተኛው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1843፣ ሄንሪ ኮል ለንደን ውስጥ 1,000 ያህል አሳትሞ በአንድ ሽልንግ የሸጠውን ካርድ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያሳያል፤ መሐል ላይ ቤተሰቡ ሕፃን ጭምር ወይን ሲጎነጭ ስለሚታይ በጊዜው የመጠጥ ተቃዋሚዎችን አስቆጥቷል።

ሁለት ስብስቦችን ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት ምን እንደሚሰጥ የሚያሳየው የእንግሊዝ ንጉሣውያን የዊንዘር ቤተ መንግሥት ዛፍ ነው። “ኢላስትሬትድ ለንደን ኒውስ” በዲሴምበር 1848 ንግሥት ቪክቶሪያን፣ ልዑል አልበርትንና ልጆቻቸውን ሻማ በበራበት ዛፍ ዙሪያ ያሳየ ሥዕል አወጣ። ዛፉ መሬት ላይ አልቆመም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ መልአክ፣ ሥሩ ላይ መጫወቻ። በ1850 ደግሞ የአሜሪካው “ጎዲስ ሌዲስ ቡክ” ያንኑ ሥዕል አተመ። ሁለቱን በአንድ መጠን አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቅርንጫፉና ሻማው አንድ መሆኑን፣ ከንግሥቲቱ ራስ ላይ ግን ዘውዱ፣ ከልዑሉ ፊት ላይ ጢሙ መጥፋቱን ያያል። ንጉሣውያኑ ተራ የአሜሪካ ባልና ሚስት ሆኑ። ስለ ገና ዛፍ ወደ አሜሪካ መስፋፋት ረጅም መጽሐፍ ከማንበብ በፊት ይህን ማየት ይቀድማል።

እንዲህ ያሉ የመጽሔት ጥራዞች የሚገኙት በ“ሃቲ ትረስት” እና በ“ኢንተርኔት አርካይቭ” ነው። ሃቲ ትረስት ጥራዙ ለንባብ ዝግ ቢሆንም እንኳ ቃሉ በየትኛው ገጽ እንዳለ ይናገራል፤ ይህን የሚያህል መጠቆሚያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ችግሩ ሁለት ነው፦ ከአሜሪካ ውጭ ላለ አንባቢ አንዳንድ ጥራዞች ይዘጋሉ፣ ጉግል ስካን ያደረጋቸውን ሙሉ ጥራዝ በአንድ ፋይል ለማውረድ ደግሞ የአባል ተቋም መግቢያ ይጠይቃል። ስለዚህ ገጹን በሃቲ ትረስት አግኝቶ መጽሐፉን በኢንተርኔት አርካይቭ መክፈት ነው። እትሙ አንድ መሆኑን የርዕስ ገጹን አይቶ ማረጋገጥ ያሻል፤ ካልሆነ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምም። በአርካይቩ መደበኛ ፍለጋ የሚያየው የመጽሐፉን መግለጫ ብቻ ስለሆነ “በጽሑፉ ውስጥ ፈልግ” የሚለውን መምረጥ አይረሳ።

እዚህ ላይ በማሽን የማይፈታ ጉድለት አለ። ቤተ መጻሕፍት መጽሔቶችን በዓመት ሲጠርዙ ሽፋኑንና የማስታወቂያ ገጾቹን ብዙ ጊዜ ቀድደው ይጥሉ ነበር። የገና ልዩ እትም ደግሞ ዋናው ውበቱ ያለው በሽፋኑና በማስታወቂያው ነው። የቀለም ሥዕሎችም በጥቁርና ነጭ ስካን ሆነው፣ ተጣጥፈው የተጠረዙት ሳይዘረጉ ታልፈው ይገኛሉ። አንዱ ቅጂ ጎዶሎ ከሆነ የሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ሙሉ ሊሆን ይችላልና ሦስት አራት ጥራዝ መክፈት ነው። በሽፋን ላይ ያለው ቀንም ያሳስታል፦ ቶማስ ናስት በ“ሃርፐርስ ዊክሊ” ላይ ሳንታ ክላውስን በጦር ሰፈር የሳለበት እትም ጃንዋሪ 3 ቀን 1863 ይላል፣ የገና እትም ነው ግን። ሳምንታዊ መጽሔቶች በሽፋናቸው ላይ ከሚሸጡበት ቀን የዘገየ ቀን ይጽፉ ነበር።

በዓሉ በጠራራ ፀሐይ የሚከበርበትን አገር ለማየት የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት “ትሮቭ” አለ። ጋዜጦቹ በአብዛኛው እስከ 1954 ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በቅጂ መብት የተያዘ ነው። ትሮቭ ከሁሉም የሚበልጥበት አንድ ነገር ማሽኑ ያበላሸውን መስመር ማንም አንባቢ ገጹ ላይ እንዲያርም መፍቀዱ ነው፤ የታረመው ወዲያው በፍለጋ ይገኛል። ሌሎቹ ይህን ለምን እንዳልወሰዱት ግልጽ አይደለም።

በአውሮፓ የሆላንዱ “ዴልፈር” ለዲሴምበር 5ቱ ሲንተርክላስ (የቅዱስ ኒኮላስ በዓል)፣ የፈረንሳዩ “ጋሊካ” ለአዲስ ዓመት ስጦታ ይጠቅማሉ። በፈረንሳይኛ ምንጭ “የገና ስጦታ” ብሎ መፈለግ ትንሽ ነው የሚያስገኘው፤ ስጦታው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአዲስ ዓመት ስለነበር “ኤትሬን” የሚለውን ቃላቸውን መጠቀም ነው። የብሪታንያ ጋዜጦች መዝገብ ይከፈልበታል፤ በ2021 ግን አንድ ሚሊዮን ገጽ በነጻ ስለለቀቀ መጀመሪያ ነጻውን ብቻ አጣርቶ ማየት ይገባል። የብሪቲሽ ላይብረሪ የድሮ አድራሻዎች ካልከፈቱ ኮምፒውተሩን መውቀስ አያስፈልግም፤ በኦክቶበር 2023 ከደረሰበት የሳይበር ጥቃት በኋላ ብዙ ማያያዣዎች ተሰብረዋል።

ሥዕሉን ለካርድ ወይም ለንግድ ለሚፈልገው ሰው፦ በአሜሪካ ሕግ በድሮ ጊዜ የታተመ ሥራ ጥበቃ ከኅትመቱ 95 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ከ1930 በፊት የታተመ ሁሉ ነጻ ነው። “የታተመ” የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ያልታተመ ደብዳቤና የቤተሰብ ፎቶ ሌላ ደንብ አለው፣ በሌላ አገርም ዘመኑ ይለያያል። የተገኘውን ሲያስቀምጡ የጋዜጣውን ስም፣ ቀን፣ ገጽና ዐምድ ከገጹ ቋሚ ማያያዣ ጋር መመዝገብ ነው። ከላይ በአድራሻ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ረጅም መስመር መገልበጥ ብዙ ጊዜ ፍለጋውን እንጂ ገጹን አያስቀምጥም። ፍለጋው እንቢ ካለ ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት “ላይብረሪያኑን ጠይቅ” የሚለው ነጻ አገልግሎት አለ። “ስለ ገና መረጃ ስጡኝ” የሚል ጥያቄ ጠቅላላ መልስ ነው የሚያመጣው። የትኛው ልማድ፣ በየትኞቹ ዓመታት መካከል፣ የት አካባቢ፣ የተሞከሩት ቃላትና የተፈተሹት ስብስቦች ተዘርዝረው ከተላኩ ላይብረሪያኑ ሥራውን የሚጀምረው ጠያቂው ካቆመበት ነው።